ጣና ዳር የበረዶ ወሬ

ጥር 15፣ ባሕር ዳር

የአክስቴ ልጅ የምትኖረው ትሮምሶ ነው። ኖርዌይ፣ ያውም ሰሜኑ ጫፍ ላይ። የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች። እዚያ ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ለሁለት ወር ገደማ ፀሐይ አትወጣም። እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ትንሽ ፈካ ይልና ተመልሶ ይጨልማል፤ ቀን ማለት እሱ ነው። ዘንድሮ ለጥምቀት ስትመጣ ዘመድ ሁሉ ላሊበላ፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ እያለ ሲመርጥላት እሷ ግን ቀድማ ወስና ነበር። ጣና። ምክንያቷ ደግሞ ወፍ ነው።

ባለፈው በጋ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ፊንማርክ ወደሚባለው የኖርዌይ ጫፍ ወጥታ ነበር። ዛፍ የለም፤ ረግረግና ድንጋይ ብቻ። እዚያ ድንቢጥ የምታክል የውሃ ዳር ወፍ አሳዩዋት። ሊትል ስቲንት ይሏታል። ክብደቷ 30 ግራም እንኳ አይሞላም። "ይቺ ብርዱን እናንተ አገር ሄዳ ነው የምታሳልፈው" አሏት። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከጭንቅላቷ አልወጣም። "እኔ ለትኬት ዓመት ሙሉ ስቆጥብ እሷ በነጻ ትመላለሳለች" ትላለች።

በአውሮፕላን ሄድን። ከኤርፖርት ከተማ ለመግባት ባለ ባጃጁ 400 ብር ጠራ፤ 250 ላይ ተስማማን። የተበላን መሰለኝ። እሷ "ትሮምሶ በዚህ ብር የታክሲ በር አይከፈትም" ብላ ሳቀችብኝ። አዲስ አበባ ጠዋት ለብሼው የወጣሁትን ጃኬት ገና ዘንባባዎቹ ጋ ሳንደርስ አወለቅሁት። ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ ወደ 500 ሜትር ዝቅ ትላለች፤ ሰውነት ይህን ከካርታ በፊት ያውቀዋል።

ምሳ ሐይቅ ዳር። ቆረሶ ጥብስ፣ ሙሉው ዓሣ 450 ብር፣ ከዳጣና ከሎሚ ጋር። አዲስ አበባ በዚህ ዋጋ ከፍሪጅ የወጣ ፊሌቶ ነው የሚሰጡህ። እሷ እየፈለቀቀች ሎፎተን ስለሚባሉት የኖርዌይ ደሴቶች አወራችኝ። እዚያ ዓሣውን ጨው ሳይነኩት እንጨት ላይ ሰቅለው ከየካቲት እስከ ግንቦት ለነፋሱ ይተዉታል። ብርዱ ዝንቡን ይከለክላል፣ ነፋሱ ያደርቃል። የዓሣ ቋንጣ በሉት።

ማታ ሥጋ ቤት ገባን። ነገ ዓርብ ነው፤ ጾሙ ሳይገባ ቁርጥ መብላት አለብን ብዬ የጎተትኳት እኔ ነኝ። ግማሽ ኪሎ 500 ብር፣ ከሚጥሚጣና ከአዋዜ ጋር። እኔ ቢላዋውን ይዤ ስጀምር እሷ "ይኼ እኮ ዋልታ ላይ መድኃኒት ነው" አለች። የድሮ ተጓዦች ብስኩትና የጨው ሥጋ ብቻ እየበሉ ድዳቸው ያብጥ፣ ይደማ፣ ያረጀ ቁስላቸው ሳይቀር ይከፈት ነበር። ስከርቪ ነው፤ የቫይታሚን ሲ እጥረት። ሎሚም ጎመንም በማይበቅልበት አገር የሚኖሩት ኢኑዊቶች ግን አይታመሙም። አቆስጣውን ጥሬውን ይበሉታል፤ የዓሣ ነባሪውን ቆዳም እንዲሁ። ቫይታሚኑ እዚያ ውስጥ አለ፤ ብዙ ሲበስል ነው የሚጠፋው። አጠገባችን የተቀመጡ ሰውዬ ይህን ሲሰሙ "እሰይ! ይኼን ለሐኪሜ ንገሪልኝ" ብለው አንድ ጉርሻ ላኩላት።

ትንሽ ቆይቶ ጉበት መጣ። እሱ ላይ ግን አልተነካካችም። የዋልታ ድብ ጉበት መርዝ ነው አለች። የቫይታሚን ኤ ክምችቱ ከመጠን በላይ ስለሆነ የበላ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ቆዳው ይላጣል። ኢኑዊቶቹ ከጥንት ጀምሮ አይነኩትም። ያልጠየቋቸው እንግዶች ናቸው በልተው የተማሩት። የበሬው ጉበት ደህና ነው ብላት ብሠራ፣ አልበላችም። ለብቻዬ ጨረስኩት።

ጥር 16፣ ዘጌ

ጠዋት 1 ሰዓት ጀልባ ማቆሚያው ጋ ነበርን። ደላላው 5,000 ብር ብሎ ጀመረ። "በፈለጋችሁ ሰዓት ትመለሳላችሁ" አለን። 3,500 ላይ ሲወርድ ጀልባ ነጂው ራሱ መጣ፤ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ቢሆን ነው። "ስድስት ሰዓት ላይ ካልተነሣን ነፋሱ ይመጣል" አለ። ደላላው በዓይኑ ገረመመው። እኛ ልጁን ሰማን፤ ግማሹን ብቻ ነው ታዲያ የሰማነው።

ውሃው ጠዋት እንደ መስታወት ነው። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ጥልቀቱ በአማካይ 8 ሜትር አካባቢ ነው። ፔሊካኖች በቡድን ሆነው ዓሣውን እየከበቡ ይነዱ ነበር። ልክ እንደ ተማከረ ሰው አንድ ላይ አንገታቸውን ይደፋሉ፣ አንድ ላይ ቀና ይላሉ።

ዘጌን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ሥር ነው የሚበቅለው። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመን፣ ሥዕሎቹን አይተን፣ መንገድ ዳር ቡና ጠጣን። ስኒው 20 ብር፣ ፈንዲሻው ነጻ። ዝንጀሮ መሰል ጦጣ አንዲት ፈረንጅ እጅ ላይ የነበረውን ሙዝ ነጥቆ ዛፍ ላይ ወጣና እያየናት በላው። የዘጌ ነገር በዚህ ይብቃ።

የቆየነው የታንኳ ሠሪው ሽማግሌ ጋ ነው። ዳር ላይ፣ ከደንገል ክምር መሃል ተቀምጠዋል። ደንገሉ ለብዙ ቀን ፀሐይ መቷት ወደ ቢጫነት ሄዷል። አንዱን እቅፍ አንሥተው ጉልበታቸው ሥር ያስገቡና ገመዱን ያዞሩበታል። ከዚያ በተረከዛቸው እየረገጡ ይስባሉ፤ ደንገሉ ውስጡ አየር ስላለ "ሽሽሽ" ይላል። ድምፁ እስኪቆም ይስባሉ። ሲቆም ይቋጥራሉ። ቀጥለው ሌላ እቅፍ። የእጃቸው መዳፍ ላይ ገመዱ የሄደበት መንገድ እንደ ቦይ ሆኖ ቀርቷል።

የአክስቴ ልጅ ቁጭ ብላ ያወራቻቸው ይህን ነው። ቶር ሄየርዳል የሚባል የኖርዌይ ሰው ነበር። የጥንት ሰው በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችል ነበር ብሎ ይከራከራል። የሚያምነው ሲያጣ ራሱ ሊሞክረው ተነሣ። ደንገሉን ያስቆረጠው ከዚሁ ከጣና ነው። ግብፅ፣ ፒራሚዶቹ ሥር ተወስዶ፣ የቻድ ሐይቅ ታንኳ ሠሪዎች መጥተው ሠሩለት። እ.ኤ.አ. በ1969 "ራ" ብሎ የሰየማትን ጀልባ ከሞሮኮ አስነሣ። ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዳ፣ ካሪቢያን ልትገባ ስትል ተበታተነችና ጥለዋት ወጡ።

"ምኗ ነው የተበላሸ?" አሉ ሽማግሌው፣ ቀና ሳይሉ።

"ኋላዋ ነው አባቴ። እየዘቀጠ ሄደ።"

"እንዲያ ነዋ። ደንገል አይከዳም። ማሰሪያ ነው የሚከዳ።"

አየኋት፣ አየችኝ። የጥንት ግብፆች የጀልባዋን ኋላ ወደ ላይ ወጥሮ የሚይዝ ገመድ ነበራቸው፤ ራ ላይ ያ ገመድ በወጉ አልተሠራም ነበር። በዓመቱ ሄየርዳል የቦሊቪያ የቲቲካካ ሐይቅ ሰዎችን አስመጥቶ ሁለተኛዋን አሠራ። ይቺኛዋ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች።

"ሃምሳ ሰባት ቀን ከውሃ ሳትወጣ?" ሽማግሌው እዚህ ላይ እጃቸው ቆመ። የእሳቸው ታንኳ ማታ ማታ ወጥታ ፀሐይ ካልሞቀች ወዲያው ትበሰብሳለች። "እሷስ ታምር ናት" አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሁለተኛዋ ራ ዛሬ ኦስሎ ሙዚየም ውስጥ ናት። አጠገቡ ሌላ ሙዚየም አለ፤ እዚያ ደግሞ ፍራም የምትባለው የዋልታ መርከብ ቆማለች። የሆዷ ቅርጽ ክብ ነው፤ በረዶው ሲጨምቃት እንዳይሰብራት፣ ሾልካ ወደ ላይ እንድትወጣ ተብሎ። ኖርዌያዊው ተጓዥ አሙንድሰን ወደ ደቡብ ዋልታ የሄደው በእሷ ነው። ታኅሣሥ 1911 (እ.ኤ.አ.) ዋልታው ላይ ሲደርስ የለበሰው የእንስሳ ቆዳ፣ የነዳውም ውሻ ነበር። ይህን የተማረው ከዚያ በፊት ሰሜን ካናዳ ከኢኑዊቶች ጋር ሁለት ክረምት ከርሞ ነው። ከአምስት ሳምንት በኋላ የደረሰው እንግሊዛዊው ስኮት ፈረስ ይዞ ሄዶ፣ ፈረሱ ሲያልቅ መንሸራተቻውን በሰው ጉልበት ጎተተ። እሱና አራት ጓዶቹ ሲመለሱ መንገድ ላይ አለቁ። በርግጥ ብርዱም ያን ዓመት ጨክኖባቸዋል፤ ሁሉንም በስኮት ላይ መጫን ግፍ ነው። ግን እኔ ብሆን እንደ አሙንድሰን መጀመሪያ እጠይቅ ነበር።

እንዲህ እያልን ሰባት ሰዓት ሆነ። ልጁ ሁለቴ መጥቶ ጠርቶናል።

መሃል ላይ ነፋሱ ተነሣ። መስታወቱ ውሃ ተገለባበጠ። ከዚያ ሞተሩ አንድ ጊዜ አጓራና ዝም አለ። እምቦጭ ነው። ፕሮፔለሩ ላይ ተጠምጥሟል። ልጁ ሞተሩን ወደ ላይ አንሥቶ በቢላ ይቆርጥ ጀመር፤ እኛ እንወዛወዛለን። ውሃው ጎኔን አርሶት ሱሪዬ ላዬ ላይ ተጣብቋል። ላይፍ ጃኬቴ ዚፑ አይዘጋም።

የአክስቴ ልጅ ደግሞ ይህን ጊዜ መርጣ ስለ ደቡብ ዋልታው ተጓዥ ስለ ሻክልተን ጀመረች። መርከቡ በረዶ ውስጥ ተጨፍልቃ ከሰጠመች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1916፣ እሱና አምስት ሰዎች 7 ሜትር በማትሞላ ጀልባ በዓለም ላይ ካሉት እጅግ ክፉ ባሕሮች አንዱን 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል አቋረጡ። የቀሩት 22 ሰዎች ዝሆን ደሴት ላይ፣ የተገለበጡ ጀልባዎች ሥር ተጠልለው ፔንግዊንና አቆስጣ እየበሉ ጠበቁ። የቺሊ መርከብ መጥታ ስታወጣቸው ነሐሴ መጨረሻ ሆኖ ነበር። ከእነዚያ ሰዎች አንድም አልሞተም። "እና ምን ልትይኝ ነው?" አልኳት። "ዘጌ እኮ ናት" አለችኝ። ልጁ ሳቀ። ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆርጦ ቆርጦ ሞተሩ ተነሣ።

ጉርሻ 300 ብር ሰጠነው። ለደላላው ምንም።

ጥር 17፣ ፎገራ

ከባሕር ዳር ወረታ በሚኒባስ፣ ለአንድ ሰው 150 ብር። ሐሙሲትን እንዳለፍን መሬቱ ጠረጴዛ ይሆናል። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ይህን ሜዳ ያጥለቀልቁታል፤ ሩዝ የሚበቅለው ለዚያ ነው። አሁን ሩዙ ታጭዶ፣ በእርጥበቱ ላይ ጓያና ሽምብራ ተዘርቶበታል። ከወረታ ወደ ሐይቁ በኩል ለመግባት ባጃጅ በ600 ብር ያዝን። አቧራው ከአስፋልቱ እንደወጣን ተቀበለን።

ካርታ ላይ ሸሸርና ወላላ የሚባሉ ረግረጎች አሉ። ስልኬ ላይ ያለው ሰማያዊ ግን መሬት ላይ ካለው ይበልጣል። ውሃው በሸሸ ቁጥር እርሻው ይከተለዋል። ቆመን ስንወዛገብ በሬ የሚነዱ ጎልማሳ ገበሬ መጡ። "ወፍ ነው የምትሹት? በዚያ አትሂዱ፤ ከላይ ደርቆ ታየ እንጂ ሥሩ ጭቃ ነው። በዚህ በኩል ልውሰዳችሁ።" ሄድን።

ክሬን የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች መጀመሪያ የሰማናቸው በጆሮ ነው። ከሩቅ የሚነፋ ጥሩንባ ይመስላል። ከዚያ ጓያው ላይ ግራጫ ሆነው ታዩን፤ ረጃጅም፣ አንገታቸው ጥቁርና ነጭ፣ ክንፋቸው ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር በላይ። ከፊንላንድ፣ ከኢስቶኒያ፣ ከሩሲያ ረግረጎች ነው የሚመጡት። ስንት እንደሆኑ መቁጠር ተውን። እኛን ሲያዩ ትንሽ ተራመዱ እንጂ አልበረሩም።

"መስከረም አልፎ ነው የሚመጡ" አሉ ገበሬው። "የዘራሁትን ሽምብራ ይነቅሉታል። ልጆቹ ወንጭፍ ይዘው ሲጠብቁ ይውላሉ።" ቂም ግን የለባቸውም። እንግዳ ስለሆነ ጎረቤት እንደሚያማርር ሰው ነው ያወሩት፤ መሄዱንም እንዲህ አይፈልጉትም።

የተፈለገችው ግን ጭቃው ዳር ነበረች። ውሃው በሸሸበት፣ የከብት ኮቴ ጉድጓድ መሃል፣ አንድ መንጋ ትናንሽ ወፎች እየሮጡ ይለቅማሉ። ሦስት እርምጃ፣ መንቆር፣ ሦስት እርምጃ፣ መንቆር። የልብስ ስፌት መርፌ ፍጥነት ነው ያላቸው። አጉሊ መነጽሩን ተቀባበልን። ጥቁር እግር፣ አጭር መንቆር፣ ሆዷ ነጭ። እሷው ናት። የአክስቴ ልጅ ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም፤ መነጽሩንም አልመለሰችልኝም።

ወደዚያ ሰሜን ለምን ትሄዳለች ብዬ ጠይቄአት ነበር። እዚህ ተመችቷታል አይደል? ነገሩ የምግብና የብርሃን ነው። በዋልታው በጋ ፀሐይ አትጠልቅም፤ ትንኙ ደግሞ ጉድ ነው፣ ሰው ፊቱን በመረብ ሸፍኖ ነው የሚሄደው። ጫጩት ሌት ተቀን በልቶ በጥቂት ሳምንት ይበራል። ግን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ብርዱ ይመለሳል፣ ጭቃው ድንጋይ ይሆናል። መንቆሯ የማይገባበት መሬት ላይ ምን ትሠራለች? ትነሣለች። እዚህ ስትደርስ የእኛ ክረምት አልቆ ውሃው መሸሽ ጀምሯል። ጭቃው ገና ለስላሳ ነው።

ገበሬው ቤታቸው አስገቡን። የጤፍና የሩዝ ድብልቅ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ከዚያ እርጎ። የፎገራ ላም እርጎ በአዲስ አበባ ላስቲክ ውስጥ ካለው ጋር ስሙ ብቻ ነው የሚገናኘው። ብር አንቀበልም አሉ። ከወረታ የያዝነውን ስኳርና ቡና ባለቤታቸው ተቀበሉን።

"እዚያ አገርሽ ከብት ምን ይበላል?" ብለው ጠየቋት ሰውዬው።

ሳሚ የሚባሉት ሰዎች ሬይንዲር የሚባል አጋዘን እንደሚያረቡ ነገረቻቸው። በረዶውን በኮቴው ቆፍሮ ከሥሩ ያለውን ሊችን የሚባል ሽበት መሳይ መኖ ይበላል። ዓይኑ ራሱ ከወቅቱ ጋር ይቀየራል፤ ውስጡ በበጋ ወርቅማ የነበረው በጨለማው ወራት ሰማያዊ ይሆናል፣ ትንሿን ብርሃን እንዲይዝ። ሰውዬው ይህን አላመኑም መሰለኝ፤ ሚስታቸውን አይተው ፈገግ አሉ። ያመኑት ቀጣዩን ነው። አሁን አሁን አየሩ ሞቅ እያለ በክረምት መሃል ዝናብ ይጥላል። ዝናቡ በረዶው ላይ ይረጋና እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። አጋዘኑ ይቆፍራል፣ አይሰበርለትም። መኖው ከእግሩ ሥር እያለ በረኃብ ይሞታል። ባለቤቱ መኖ ገዝቶ ካልደረሰለት አለቀ።

"ያለ ጊዜው የመጣ ዝናብ" አሉ ሰውዬው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። ከዚያ ስለ ዋጋ ጠየቁ። አንድ አጋዘን ስንት ይሸጣል? ድርቆሹስ? ሩብ ሰዓት ያህል የትሮምሶን የመኖ ገበያ ሲያጣሩ እኔ ሁለተኛ ኩባያ እርጎ ጨረስኩ።

ስንመለስ ባጃጁ ጎማው ፈነዳ። መለዋወጫ የለውም። ወረታ ድረስ በእግር ገባን። እግረ መንገዷን ስለ ፍራንክሊን ነገረችኝ። እ.ኤ.አ. በ1845 129 ሰዎችና ሁለት መርከቦች ይዞ ካናዳ በረዶ ውስጥ የጠፋው እንግሊዛዊ ነው። ኢኑዊቶች መርከቦቹን አይተዋል፣ የት እንደሰጠሙም ለልጅ ልጅ ሲነግሩ ኖረዋል። ለብዙ ጊዜ ሰሚ አልነበራቸውም። መርከቦቹ የተገኙት በ2014 እና በ2016 ነው፤ አንደኛዋ የሀገሬው ሰዎች ባሉት አካባቢ፣ ሁለተኛዋም በአንድ ኢኑዊት ጥቆማ።

ጥር 18፣ የዓባይ መውጫ

እሑድ ጊዮርጊስን ተሳልመን፣ በኋላ ወደ ዓባይ መውጫ ሄድን። የትናንት ወዲያውን ልጅ ደውለን ጠራነው፤ ያለ ደላላ 1,200 ብር።

ጉማሬዎቹ ጆሮና አፍንጫ ብቻ ሆነው ታዩን። አንዱ ተንፍሶ ውሃውን ሲረጨው ሽታው እኛ ድረስ መጣ፤ የበሰበሰ ሣር ነው። ልጁ ሞተሩን አጥፍቶ ዳር ዳሩን በመቅዘፊያ ያዘ። "ጥልቅ ውሃው የእሱ ነው፤ መንገዱን አንዘጋበትም" አለ። ፎቶ ለማንሣት ትንሽ ቅረብ ብንለው ወይ ፍንክች።

የአክስቴ ልጅ ስለ ኖርዌያዊው የዋልታ ተጓዥ ስለ ናንሰን ያወራችው እዚህ ነው። እሱና ጓደኛው ዮሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1895 ከፍራም ወርደው ወደ ሰሜን ዋልታ በበረዶ መንሸራተቻና በውሻ ጉዞ ጀመሩ፤ አልሆነላቸውም። ሲመለሱ ክረምቱ ደረሰባቸውና ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ድንጋይ ክበው፣ የዋልረስ ቆዳ ጣሪያ አልብሰው ከረሙ። የሚበሉት ድብና ዋልረስ ነበር። ናንሰን ከዚያ ክረምት የወጣው 10 ኪሎ ያህል ጨምሮ ነው። በበጋው ካያክ በምትባል ትንሽ የሸራ ጀልባ ሲቀዝፉ ዋልረስ ከሥር መጣና የናንሰንን ካያክ ሸራ በጥርሱ ቀደደው። ወደ በረዶው ደርሶ ወጣ፣ ሰፋት፣ ቀጠለ።

"ዋልረስ ምንድን ነው?" አለ ልጁ። ጥርሱ እንደ ዝሆን የወጣ፣ ክብደቱ ከአንድ ቶን የሚያልፍ፣ ባሕር ውስጥ የሚኖር አውሬ ነው አልነው። ጉማሬዎቹን አየ። ጀልባዋን አየ።

"በሸራ ጀልባ?"

"በሸራ።"

"እሱስ ቀርቦት ነው" አለና ትንሽ ወደ ኋላ ቀዘፈ።

ለመሄድ ላሰባችሁ፦ ክሬኖቹ ከየካቲት በኋላ መመለስ ስለሚጀምሩ ሳትዘገዩ ድረሱ። ፎገራ ውስጥ የሚሸጥ ውሃ የለም፤ ከወረታ ያዙ። አጉሊ መነጽር ካላችሁ ሁለት ያዙ፤ አንዱን የሚመልስላችሁ የለም። ጀልባውን ከነጂው ጋር ራሱ ተነጋገሩ፤ ስድስት ሰዓት ሲላችሁ ስድስት ሰዓት ነው።